«ፕላስቲክ ቢች»ን ሲያደምጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎሪላዝ የተባለውን፣ አባላቱ የካርቱን ሥዕሎች የሆኑትን ባንድ ሦስተኛ አልበም «ፕላስቲክ ቢች»ን ላላደመጡት ሰዎች ሳስተዋውቅ ብዙ ጊዜ ሆኖኛል። እ.ኤ.አ. በማርች 2010 ከወጣ ወዲህ ደጋግሜ የሰማሁት አልበም ስለሆነ፣ ሌላውም ሰው እንደ እኔ እንዲወደው መፈለጌን አልደብቅም። ብዙዎቹ ግን አልወደዱትም። ገሚሱ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ሰልችቶት ዘጋው፤ ገሚሱ ከ16ቱ ዘፈኖች ሁለቱን መርጦ የቀሩትን ተዋቸው። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው የሰጡኝ መልስ ተቀራራቢ ነበር። አልበሙ ያልሆነውን ነገር ሲጠብቁ የሆነው ነገር አምልጧቸዋል። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ስህተቶች ከእነዚያ መልሶች የለቀምኳቸው ናቸው። ከመካከላቸው አንዳንዶቹን እኔም ሠርቻቸዋለሁ።

ካርቱኖቹን እንደ መሸፈኛ መቁጠር

«እውነተኛዎቹ ሙዚቀኞች እነማን ናቸው?» የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነው። መልሱ አስቸጋሪ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 ለንደን ውስጥ አንድ ቤት ተጋርተው ይኖሩ የነበሩት ሙዚቀኛው ዴመን አልባርን እና የኮሚክ ሠዓሊው ጄሚ ሂውሌት ባንዱን ፈጠሩት። በቴሌቪዥን የሚያዩዋቸው የሙዚቃ ክሊፖች ባዶ ሆነውባቸው ስለነበር፣ ተፈብርኮ የቀረበውን ሁሉ ሆን ብለው በፈበረኩት ባንድ ሊሞግቱ ተነሡ። አባላቱ አራት ናቸው፦ ድምጻዊው ቱ-ዲ፣ ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ተንኮለኛው መርዶክ ኒካልስ፣ ጃፓናዊቷ ጊታሪስት ኑድል፣ እንዲሁም አሜሪካዊው ድራም መቺ ረስል ሆብስ። አራቱም ሥዕሎች ናቸው።

ስህተቱ የሚመጣው መልሱ ከታወቀ በኋላ ነው። «እንግዲያው የአልባርን አልበም ነዋ! ካርቱኑ ለማስታወቂያ ነው» ይባልና ሥዕሎቹ ወደ ጎን ይገፋሉ። እስቲ አንድ እንግሊዛዊ የሮክ ድምጻዊ በራሱ ስምና መልክ ቀርቦ የካሊፎርኒያ ራፐር፣ የሊባኖስ ኦርኬስትራ እና የቺካጎ ወንድማማቾች የትንፋሽ መሣሪያ ባንድ በአንድ አልበም ላይ ሲያሰልፍ ያስቡ። አድማጩ ሙዚቃውን ትቶ ሰውየውን መመርመር ይጀምራል። ሥዕል ግን የሚጠብቀው ዝና የለውም፤ መሐል ላይ ልቁም ብሎም አይጋፋም። ለመጣው እንግዳ ሁሉ ቦታ ይለቃል። የአልበሙ ስልቶች እንዲህ በነፃነት የተቀላቀሉት ከዚህ የተነሣ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚህም በላይ የአልበሙ ጉዳይ ራሱ ሰው ሠራሽ ነገር ነው። ሰው ሠራሽ ባንድ ስለ ሰው ሠራሽ ደሴት ይዘፍናል። ሥዕሎቹን ያነሡ ዕለት ግማሹ ሐሳብ አብሯቸው ይሄዳል።

ተረቱን በግጥሞቹ ውስጥ መፈለግ

«ኮንሰፕት አልበም» (ዘፈኖቹ በአንድ ሐሳብ የተሳሰሩ አልበም) ሲባል ብዙ ሰው የሚጠብቀው ከመጀመሪያው ዘፈን ተነሥቶ እስከ መጨረሻው የሚዘልቅ ተረት ነው። ይህ አልበም በእርግጥ ተረት አለው። መርዶክ ከባሕር ቆሻሻ በተሠራች ደሴት ላይ ሰፍሯል። ቱ-ዲን አስጠልፎ ከውኃው በታች ባለ ክፍል አስሮታል፤ ቱ-ዲ ዓሣ ነባሪ ስለሚፈራ ዘበኛው ዓሣ ነባሪ ነው። በጠፋችው ኑድል ምትክ ሮቦት ኑድል ተሠርታለች። ረስል ደግሞ ወደ ደሴቲቱ ሲዋኝ የባሕሩን ብክለት እየዋጠ ተራራ አክሏል።

ይህ ሁሉ የተነገረው ግን በክሊፖቹ፣ በሥዕሎቹና ባንዱ ባወጣቸው ሌሎች ጽሑፎች ነው። «ይህኛው ዘፈን የመርዶክ፣ ያኛው የኑድል» እያሉ ግጥሞቹን ከተረቱ ጋር ለማጋጠም ቢደክሙ አይገጥሙልዎትም፤ በመጨረሻም «ኮንሰፕቱ የታለ?» ብለው ይበሳጫሉ።

ዘፈኖቹ የሚሰጡን ቦታውን ነው። ደሴቲቱ የተቀመጠችው በደቡባዊ ሰላማዊ ውቅያኖስ ፖይንት ኔሞ በሚባለው ስፍራ ሲሆን፣ ይህ ስፍራ የፈጠራ አይደለም። ከየትኛውም የብስ እጅግ የራቀው የውቅያኖስ ነጥብ ነው፤ ቅርብ የሚባለው መሬት እንኳ 2,688 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ኔሞ በላቲን «ማንም» ማለት ነው። ማንም በማይደርስበት ቦታ የሁሉም ሰው ቆሻሻ ተጠራቅሞ ደሴት ሆነ፤ ሐሳቡ ይህ ነው። እያንዳንዱን ዘፈን ማዕበል ዳር ላይ እንደተፋው ዕቃ አድርገው ያድምጡት። አንዱ ከሩቅ አገር፣ ሌላው ካለፈ ዘመን መጥቶ አንድ አሸዋ ላይ ተጋድሟል። እንዲህ ሲያደምጡት የስልቶቹ መለያየት ራሱ ታሪክ ይሆናል።

የእንግዶቹን ስም መቁጠር

ዝርዝሩ ዓይን ይስባል፦ ስኑፕ ዶግ፣ ሉ ሪድ፣ ቦቢ ዎማክ፣ ሞስ ዴፍ፣ ዴ ላ ሶል፣ ማርክ ኢ. ስሚዝ፣ የስዊድኖቹ ሊትል ድራገን፣ በአንድ ወቅት ዘ ክላሽ በተባለው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ ውስጥ አብረው የነበሩት ሚክ ጆንስ እና ፖል ሲመነን። ይህን ያየ ሰው አልበሙን እንደ ግብዣ ይቆጥረውና የሚያውቀውን ፊት ፈልጎ እሱን ብቻ ሰላም ብሎ ይወጣል።

እኔ «ኋይት ፍላግ»ን፣ ማለትም «ነጭ ሰንደቅ»ን፣ ለረጅም ጊዜ እየዘለልኩት አልፌ ነበር። ዘፈኑን የሚከፍተው የሊባኖስ ብሔራዊ የምሥራቃዊ ዐረብ ሙዚቃ ኦርኬስትራ ነው። ዋሽንቱና ቫዮሊኖቹ ያለ ምንም ጣልቃ ገብ ዜማቸውን ከተጫወቱ በኋላ በድንገት ይቆማሉ፤ የሕፃናት ጌም የመሰለ የኪቦርድ ምት ይነሣና ሁለቱ የለንደን ራፐሮች ካኖ እና ባሺ ይቀባበሉበታል። ከዚያ ኦርኬስትራው ይመለሳል። ያኔ ሁለት የማይዋደዱ ጨርቆችን በግድ የሰፉ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ግን የዘፈኑ ክብር ያለው እዚያ ስፌት ላይ ይመስለኛል። ስልቶችን በሚያዳቅሉ ሥራዎች ላይ ደጋግሜ የምታዘበው ነገር አለ። የሌላ አገር መሣሪያ እንደ ሽቶ ጠብ ይደረግና የዋናው ምት ማጀቢያ ሆኖ ይቀራል። እዚህ ኦርኬስትራው የማንም ጌጥ አልሆነም። በራሱ ቅኝት፣ በራሱ ጊዜ ይናገራል፤ ራፐሮቹም እንዲሁ። ግጥሙ ከባሕር ወጥቶ ነጭ ሰንደቅ ይዞ በሰላም ወደ ደሴት ስለመግባት ስለሆነ፣ ሁለቱ ሙዚቃዎች እንደ እንግዳና እንደ ባለቤት ተራ በተራ ይሰማማሉ።

ቦቢ ዎማክም እንዲሁ ዝናው ለሽያጭ የተጠራ እንግዳ አይደለም። በልጅነቱ ከወንድሞቹ ጋር መዝሙር እየዘመረ ያደገ፣ በሶል ሙዚቃ አንጋፋ የሆነ ሰው ነው። በ«ስታይሎ» ላይ ቀዝቃዛው የኤሌክትሮኒክ ቤዝ ሳይለዋወጥ ይገሰግሳል፤ ሞስ ዴፍ ድምጹን ዝቅ አድርጎ ያልፋል፤ አልባርንም ከሩቅ በስልክ የሚያወራ ይመስላል። ዎማክ ሲገባ ግን ከማሽኖቹ መካከል አንድ ሰው እየጮኸ የወጣ ያህል ነው። ማንነቱን የማያውቅ አድማጭም ቀና ማለቱ አይቀርም። ግንኙነቱም በዚያ አላበቃም፤ ዎማክ ከዓመታት ዝምታ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2012 ላወጣው አልበም ፕሮዲዩሰር ከሆኑት ሁለት ሰዎች አንዱ አልባርን ነበር።

እንደ አካባቢ ጥበቃ ስብከት መስማት

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ስህተት ይህ ነው፤ ምክንያቱም የሚሠሩት አሳቢ ሰዎች ናቸው። ስሙ ፕላስቲክ፣ ሽፋኑ የቆሻሻ ደሴት። ስለዚህ መልእክቱ «ባሕር አትበክሉ» ነው ይሉና በመልካም ፈቃድ ተስማምተው ይዘጉታል። የተስማሙበትን ነገር ደግመው የሚሰሙበት ምክንያት አይኖራቸውም።

አልባርን ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ተናግሯል። በዴቨን፣ ቤቱ አጠገብ ባለው የባሕር ዳርቻ አሸዋውን ሲመለከት የተሰባበረ ፕላስቲክ ተቀላቅሎበት አየ። ማሊ ውስጥ ደግሞ አንድ የቆሻሻ መጣያ ጎብኝቶ ሰዎች ጨርቁን ለጨርቅ፣ ብረቱን ለብረት ሠሪ እየለዩ አንዲት ነገር ሳያስቀሩ ወደ ገበያ ሲመልሱ ተመለከተ። ለንደን አካባቢ ወዳለ መጣያ ሲሄድ ያገኘው ሌላ ነው፤ እባቦች፣ እንቁራሪቶች፣ ቀበሮዎች። እባቦቹ የሚበሰብሱት ፌስታሎች ሙቀት ተስማምቷቸው ይኖራሉ። ከዚያ የወሰደው ሐሳብ ፕላስቲክ የተፈጥሮ ተቃራኒ ሳይሆን ከተፈጥሮ የወጣ ነገር ነው የሚል ነው። እውነቱንም ነው። ፕላስቲክ በአብዛኛው የሚሠራው ከነዳጅ ዘይት ሲሆን፣ ነዳጅ ዘይቱም በጥንት ባሕሮች ውስጥ ይኖሩ የነበሩ ጥቃቅን ሕያዋን ቅሪት ነው። ከባሕር ወጥቶ ወደ ባሕር ተመለሰ።

ይህን ይዘው ሲመለሱ አልበሙ ሌላ ይሆናል። ሉ ሪድ የሚያንጎራጉርበት «ሰም ካይንድ ኦፍ ኔቸር» ርእሱ ራሱ «የሆነ ዓይነት ተፈጥሮ» ማለት ነው። ዴ ላ ሶል ያሉበት «ሱፐርፋስት ጄሊፊሽ» ስለ ፈጣን ምግብ ሲሆን፣ የቁርስ ማስታወቂያ ድምጽ ገብቶበት ራሱም እንደ ማስታወቂያ ደስ ይላል፤ እግርዎ ምቱን ሲከተል ያገኙታል። ሰባኪ ቢሆን ኖሮ ያንን ዘፈን አስቀያሚ ያደርገው ነበር። አልበሙ ያደረገው የተገላቢጦሹን ነው። ፕላስቲኩን አሳምሮ አቀረበልንና በውበቱ ተማርከን ሳለን ከምን እንደተሠራ እንድናስታውስ ተወን። «ኦን ሜላንኮሊ ሂል»ም ዛፏ ከፕላስቲክ የሆነች ኮረብታ ላይ የተዘፈነ የፍቅር ዘፈን ነው፤ ፍቅሩ ግን ሐሰት አይመስልም። ሰው ሠራሹን ከእውነተኛው ለይቼ ልስማ ሲሉ እጅዎ ላይ የሚቀር ነገር የለም።

ቅደም ተከተሉን መበታተን

ዘፈኖቹን አዘበራርቀው አይክፈቷቸው። አልበሙ በኦርኬስትራ መግቢያ የሚጀምረው ጆሮን ከየብስ ለማራቅ ነው። «ኢምፓየር አንትስ» ሊሰሙት እንኳ ዝግ ብሎ ተጀምሮ፣ መሐል ላይ ሲደርስ የሊትል ድራገኗ ዩኪሚ ናጋኖ ድምጽ ከሲንተሳይዘሩ ጎርፍ ጋር ይከፍተዋል፤ ከፊቱና ከኋላው ካሉት ዘፈኖች ተነጥሎ ሲሰማ ያ መከፈት ግማሽ ኃይሉን ያጣል።

በ«ዲመን ዴይስ» መለካት

እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ሁለተኛው አልበም «ፊል ጉድ ኢንክ»ን የመሰለ፣ የግራሚ ሽልማት ያገኘ ዘፈን አለው። ያንን ዓይነት ዘፈን እዚህ የሚፈልግ ሰው አያገኝም። ሌላ ሥራ ነው፤ ማለፍ ይሻላል።

ምናባዊ ባንድ መድረክ የለውም ማለት

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሙዚቀኞቹ ከስክሪን ጀርባ ተደብቀው ይጫወቱ ስለነበር ግምቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ2010ሩ የኮንሰርት ጉዞ ግን ሰዎቹ ወደ ፊት ወጡ፤ ሥዕሎቹ በላያቸው በስክሪን ታዩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ደማስቆ በሚገኘው ጥንታዊ ግንብ ውስጥ ተጫውተዋል፤ የሶርያ ጦርነት የጀመረው በቀጣዩ ዓመት ነው። የዚህን አልበም ስፋት ማየት የሚፈልግ ሰው የጉዞውን ቅጂዎች ይፈልግ።

ከአሥረኛው ዘፈን በኋላ ማቆም

«ኦን ሜላንኮሊ ሂል» አሥረኛ ነው፤ ብዙ ሰው እሱን ሰምቶ አልበሙ ያለቀ ይመስለዋል። ከእሱ በኋላ ያሉት ስድስት ዘፈኖች ዝግ ይላሉ፣ ውኃው እየጠለቀ ይሄዳል። ከመጨረሻው በፊት ባለው «ክላውድ ኦፍ አንኖዊንግ» ላይ ቦቢ ዎማክ ይመለሳል። በ«ስታይሎ» የጮኸው ሰው አሁን የሲንፎኒያ ቪቫ ኦርኬስትራ ተከትሎት በዝግታ፣ ወደ ባሕሩ እያየ ይዘፍናል።

ያ ዘፈን ለእኔ ከዓመት ወደ ዓመት እየከበደ ሄዷል። ሉ ሪድ በ2013፣ ዎማክ በ2014፣ ማርክ ኢ. ስሚዝ በ2018፣ የዴ ላ ሶሉ ትሩጎይ በ2023 ሞቱ። አራቱ ሥዕሎች በዚያው በ2023 አዲስ አልበም አወጡ።