የጉድጓዱ ውሃ የት ገባ?

ጎጃም ውስጥ መጋቢት ሲገባ ጉድጓድ ያለው ሰው ሁሉ ወሬው አንድ ነው፦ «ውሃው ሸሸ።» ለቆፋሪ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ግን ገመድ ፈልጉ። በየሜትሩ ቋጥሩት፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ እሰሩበት፣ ማንም ሳይቀዳ በማለዳ ልቀቁት። ውሃው ጋ እስኪደርስ ስንት ቋጠሮ ወረደ? በየወሩ ጻፉት።

ሞተሩ ይጮኻል፣ ውሃ አይመጣም

ጎንበስ ብላችሁ ስታዩ ግን ውሃው ከታች ያብለጨልጫል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። መሬት ላይ የሚቀመጥ ሞተር ከቱቦው አየር ይመጥጣል እንጂ ውሃ አይጎትትም። ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የውጭው አየር ክብደት ነው። ይህ ግፊት በባህር ጠለል ላይ በስሌት እስከ 10 ሜትር ያነሳል። ዳንግላ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ይሳሳል። እዚያ በስሌት 8 ሜትር ገደማ ነው፤ በተግባር 6 ካገኛችሁ ደህና ነው። ገመዳችሁ 7 ካለ ውሃው አልጠፋም፣ ሞተሩ ነው ያልደረሰበት።

መጀመሪያ የቱቦውን መጋጠሚያ አጥብቁ፣ አየር ሊያስገባ ይችላል። ካልሆነ ውሃ ውስጥ የሚጠልቅ ፓምፕ ወይም የገመድ ፓምፕ (እጀታው ሲዞር በሚሽከረከር ገመድ ውሃ የሚያወጣ) ይሻላል። የቤንዚን ሞተር ወደ ጉድጓድ ማውረድ ግን በፍጹም! ጭሱ ሰው ይገድላል።

ጠዋት ሙሉ፣ ከሰዓት ባዶ

አፈሩ ውሃ የሚለቀው ቀስ እያለ ነው። ጥቂት ጥቂት እየሳባችሁ ሮቶ ውስጥ አጠራቅሙ፣ አትክልቱን ማታ አጠጡ።

በየዓመቱ ግንቦት ላይ ይደርቃል

መቼ ነው የተቆፈረው? አጎቴ ለጥምቀት ሰሞን አስቆፈረ። አምስተኛው ሜትር ላይ ውሃ ተገኘ፣ ቆፋሪው ሂሳቡን ተቀበለ፣ ጠላ ተጠጣ። ሚያዝያ ላይ ባልዲው ጭቃ ይዞ ወጣ። ጥር ላይ የክረምቱ ውሃ ገና አልወረደም ነበራ! መቆፈሪያው ሚያዝያና ግንቦት ነው፣ ዝናቡ ሳይገባ። ያኔ ከተገኘው ውሃ በታች ሌላ ሁለት ሜትር ጨምሩ።

ቋጠሮው ከዓመት ዓመት ይጨምራል

የዘንድሮን ግንቦት ከአምናው ግንቦት ጋር እንጂ ከጥቅምት ጋር አታወዳድሩ። ዝናቡ እንደወትሮው ሆኖ ቁጥሩ ለሁለት ሦስት ዓመት ከጨመረ፣ እውነትም ውሃው እየሸሸ ነው። አጠገቡ ባህር ዛፍ ካለ ጉቶውንም ንቀሉ፣ ቆርጣችሁ ብትተዉት እንደገና ያቆጠቁጣል። ከጉድጓዱ በላይ ባለው ተዳፋት እርከን ሥሩ፣ ጎርፉ እዚያው ይስረግ። ጎርፉን ቀጥታ ወደ ጉድጓዱ መልቀቅ ግን ቆሻሻ መጠጣት ነው።

ከባዱ የጎረቤት ሞተር ነው። ለወንዝ መስኖ የውሃ አባት አለን፣ ወረፋ ያስከብራል። ከመሬት በታች ላለው ውሃ ማን ይዳኝ? እኔ የምለው፣ ሁሉም ገመዱን ይዞ ይምጣና ቋጠሮ ይቆጠር። ከዚያ ስለ ወረፋ እናወራለን።