ከሰሉ እያለቀ ቤቱ የማይሞቀው ለምንድን ነው?

በደብረ ማርቆስ፣ በእንጅባራና በጮቄ ተራራ ዙሪያ ባሉ መንደሮች ብርዱ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ በሐምሌና በነሐሴ ከዝናቡና ከጉሙ ጋር፣ ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ሰማዩ በጠራበት ሌሊት ከውርጩ ጋር።

ችግር፦ ምድጃ ሙሉ ከሰል ነዶ ያልቃል፤ ፊት ሲሞቅ ጀርባ ይበርዳል።

ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የከሰሉ ሳይሆን የጣራው ነው። የሞቀ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ኮርኒስ በሌለው ቤት በቀጥታ ቆርቆሮውን ያገኛል፤ ቀጭኑ ብረትም ሙቀቱን ወዲያው ወደ ውጭ ያሳልፈዋል። ሌሊት ከቆርቆሮው አልጋ ላይ የሚንጠባጠበው ውኃ የዚሁ ምልክት ነው፤ ትንፋሽና የወጥ እንፋሎት ቀዝቃዛውን ብረት ሲነኩ ወደ ውኃ ይለወጣሉ። መፍትሄው ኮርኒስ ነው፤ አቅም ካልፈቀደ ባዶ ማዳበሪያ ተርትሮና ሰፍቶ መወጠር ይቻላል፤ ነገር ግን እሳት ከሚነድበት ቦታ በላይ መወጠር የለበትም። ከዚያም ሻማ ለኩሶ በበሩ ግርጌ፣ በመስኮቱ ዳርና በግድግዳው ስንጥቅ አጠገብ ቀስ ብሎ ማዞር ነው፤ ነበልባሉ የሚያጋድልበት ቦታ የንፋስ መግቢያ ነው። ስንጥቁ በጭድ በተቦካ ጭቃ ይመረጋል፤ የበሩ ግርጌ በተጠቀለለ አሮጌ ጨርቅ ይዘጋል።

ችግር፦ ቤቱ ከተደፈነ ወዲህ ከሰል ሲነድ ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል።

ይህ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም ስለሌለው ፍሙ ቀልቶ ጭሱ መቆሙ ዋስትና አይሆንም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ከሰሉ ውጭ ተቀጣጥሎ ይገባል፤ እስኪወጣ ድረስ መስኮቱ ገርበብ ብሎ ይቆያል፤ ከመኝታ በፊት ምድጃው ወጥቶ ቤቱ ይናፈሳል፤ በርና መስኮት የሚዘጋው ከዚያ በኋላ ብቻ ነው። ሲናፈስ ሙቀቱ ሁሉ ይጠፋል ብሎ መሥጋት አያስፈልግም፤ የሚወጣው አየሩ ነው እንጂ የጭቃው ግድግዳና መደቡ የያዙት ሙቀት ቀስ እያለ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ራሱን ያመመው ሰው ካለ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ወጥቶ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ችግር፦ የመብራት ሂሳቡ በእጥፍ ጨመረ።

2,000 ዋት የሚወስድ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ በቀን 4 ሰዓት ቢሠራ በ30 ቀን 240 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ታሪፉም ፍጆታው በጨመረ ቁጥር ከፍ እያለ የሚሄድ በመሆኑ ጉዳቱ ድርብ ነው። 2 ሊትር ውኃ ማፍላት ግን ሩብ ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም። ውኃው ጥቂት በርዶ ክዳኑ በሚጠብቅ ትንሽ ጄሪካን ተሞልቶ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከቡሉኮው ሥር ቢገባ አልጋውን ያሞቃል።

ችግር፦ ማገዶው ይጨሳል እንጂ አያሞቅም።

ሲነድ ጫፉ ላይ አረፋ የሚያወጣ የባሕር ዛፍ ፍልጥ እርጥብ ነው፤ ሙቀቱ ውኃውን በማትነን ያልቃል። ማገዶ በበጋ ተፈልጦ፣ ሰኔ ሳይገባ ከመሬት ከፍ ብሎ ጣራ ሥር መደርደር አለበት፤ ይህ ሳይደረግ ክረምቱ ከገባ የሚቀረው የነገውን ማገዶ ዛሬ ከምድጃው ፈንጠር አድርጎ አቁሞ ማድረቅ ነው።