በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል የሰመር ምግብ ሲያጣጥሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሚኒሶታ ሰመር አጭር ነው። ኤፕሪል ላይ እንኳ በረዶ ሊጥል ይችላል፤ ኦክቶበር ሲገባ ደግሞ ብርዱ ይመለሳል። በመካከል ባሉት ጥቂት ወራት ግን የሚኒያፖሊስና የሴንት ፖል ምግብ ቤቶች ጠረጴዛና ወንበራቸውን ወደ ደጅ ያወጣሉ፣ የአካባቢው ገበሬዎች ምርታቸውን በየገበያው ይዘረጋሉ፣ በጁን መጨረሻም ጀምበሯ የምትጠልቀው በአሜሪካ አቆጣጠር ከምሽቱ 9 ሰዓት ገደማ ነው። እንደ እኔ እምነት የዚህን ወቅት ምግብ የሚያጣፍጠው የተገኘበት ቦታና ቀን ነው፤ ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ስህተቶችም አብዛኞቹ የሚመነጩት ምግቡን ዓመቱን ሙሉ ከመደርደሪያ እንደሚነሣ ዕቃ ከመቁጠር ነው።

መሀል ከተማ ውስጥ ብቻ መቅረት

እንግዳ የመጣበት ሰው ብዙውን ጊዜ እንግዳውን ይዞ ወደ መሀል ከተማ ወይም ወደ ትልቁ የገበያ አዳራሽ ይሄዳል። የከተማዋ ጥሩ ምግብ ግን በአብዛኛው ያለው በሰፈር ጎዳናዎች ላይ ነው። በሌክ ስትሪት በቀድሞው የሲርስ ሕንፃ ውስጥ በ2006 የተከፈተው ሚድታውን ግሎባል ማርኬት የብዙ አገር ምግቦችን በአንድ ጣሪያ ሥር ይዟል። «ኢት ስትሪት» የሚባለው የኒኮሌት ጎዳና ክፍል በእግር እየተዘዋወሩ ለመምረጥ ይመቻል። በሴንት ፖል ዩኒቨርሲቲ ጎዳና ደግሞ የቬትናም፣ የሕሞንግ (በአብዛኛው ከላኦስ የመጣ ሕዝብ) እና የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ይገኛሉ፤ ከ2014 ጀምሮ ግሪን ላይን የተባለው ባቡር በዚያው ጎዳና ስለሚያልፍ የመኪና ማቆሚያ ፍለጋ ጊዜ አይባክንም።

ከሁሉ አብልጬ የምመክረው በሴንት ፖል የሚገኘውን ሕሞንግታውን ማርኬትፕሌስን ነው። እዚያ ጥሬ ፓፓያ በቀጭኑ ተከትፎ በሙቀጫ ሲወቀጥ ፊት ለፊት ቆመው ያያሉ፤ ሻጯም ስንት ቃሪያ እንደምትጨምር ትጠይቃለች። በርበሬ የለመደ ሰው «ብዙ» ለማለት ይቸኩላል፤ ነገር ግን ያ ትንሽ ቀይ ቃሪያ ከሚጥሚጣ የማይተናነስ በመሆኑ በአንድ ወይም በሁለት መጀመሩ ይሻላል።

ቀንና ሰዓት ሳያረጋግጡ መነሣት

በርካታ ትናንሽ ምግብ ቤቶች ሰኞ ይዘጋሉ። ውጭው ገና ብርሃን ስለሆነ ብቻ ማእድ ቤቱ ክፍት ነው ብሎ ማሰብም ያሳስታል፤ ስለዚህ ከቤት ከመነሣትዎ በፊት መደወል ይገባል።

ከገበሬዎች ገበያ ሳያዩና ሳይጠይቁ መግዛት

በሚኒያፖሊስ ሊንዴል ጎዳና አጠገብ ያለው ገበያ በቦታው ላይ ያለው ከ1937 ጀምሮ ነው፤ በሴንት ፖል ሎወርታውን፣ እንዲሁም ከወፍጮ ሙዚየሙ አጠገብ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚቆመው ሚል ሲቲ ገበያም አሉ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው በገበያው የተደረደረው በሙሉ ከአካባቢው ማሳ የመጣ ነው ብሎ በማመኑ ነው። የሴንት ፖሉ ገበያ የአካባቢ ምርት ብቻ እንዲሸጥ የሚያዝዝ ደንብ አለው፤ በሌሎች ገበያዎች ግን ከጅምላ አከፋፋይ ገዝተው የሚቸረችሩም ሊኖሩ ይችላሉ። ጠረጴዛው ላይ ሙዝና ማንጎ ካዩ ሻጩ ያመረተው እንዳልሆነ ይወቁ፤ በሚኒሶታ ሁለቱም አይበቅሉም። በጁን ቲማቲም ተቆልሎ ቢያዩም ከየት እንደመጣ ይጠይቁ፤ በዚህ አገር ደጅ የተተከለ ቲማቲም በብዛት የሚደርሰው ከጁላይ አጋማሽ በኋላ ነው። አምራቹ ራሱ ከሆነ ምርቱ መቼ እንደተለቀመ ያለማመንታት ይነግርዎታል።

ከእነዚህ ገበሬዎች ትልቁን ድርሻ የያዙት ከጦርነት ሸሽተው የመጡ የሕሞንግ ቤተሰቦች ናቸው። ጎመናቸውን፣ የተለያየ ዓይነት ቃሪያቸውንና ትኩስ ቅጠላ ቅጠላቸውን የሚያመጡት ገና ጤዛው ሳይደርቅ ስለሆነ ማልዶ መሄድ ዋጋ አለው። በምግብ ድጋፍ ካርድ የሚገለገሉ ሰዎችም ይህ ገበያ ለእነርሱ እንዳልሆነ አድርገው ማሰብ የለባቸውም፤ አብዛኞቹ ገበያዎች ካርዱን ይቀበላሉ፣ እስከ ተወሰነ መጠን ድረስም ካወጡት ገንዘብ ጋር እኩል የሆነ ተጨማሪ መግዣ ይሰጣሉ።

በቆሎን እንደ አገር ቤት እሸት መቀቀል

ይህን ስህተት በእኛ ቤቶች ደጋግሜ ስለማየው ጠለቅ ብዬ ላስረዳ። እዚህ ከጁላይ መጨረሻ ጀምሮ የሚሸጠው ጣፋጭ በቆሎ አገር ቤት ክረምት ሲገባ በየመንገዱ ዳር በከሰል ከሚጠበሰው እሸት ጋር በመልክ ቢመሳሰልም ዝርያው የተለየ ነው። የአገር ቤቱ ጠንካራና ስታርች የበዛበት በመሆኑ ረጅም ጊዜ በእሳት ላይ መቆየቱ ይጠቅመዋል፤ የዚህኛው ግን ፍሬው ስስና ውኃማ ስለሆነ ግማሽ ሰዓት ከተቀቀለ ይጨማደዳል፣ ጣዕሙም ይጠፋል። ውኃው ከፈላ በኋላ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይበቃዋል። በከሰል የሚወዱት ከሆነ ደግሞ ከነሽፋኑ ፍሙ ላይ ያገላብጡት፤ የራሱ እርጥበት ያበስለዋል። ቅቤ ለማይበሉባቸው ቀናት ሎሚ ጨምቆበት ትንሽ ሚጥሚጣ መነስነስ ከማንኛውም ማጣፈጫ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ሲገዙም ሽፋኑን ገልጦ ማየት አያስፈልግም፤ የተገለጠውን ሌላ ሰው ስለማይገዛው ገበሬውን ይጎዳል። ሽፋኑ አረንጓዴና ርጥብ፣ ጫፉ ላይ ያለው ጸጉር ቡናማና የሚያጣብቅ፣ በአውራ ጣት ከላይ ሲዳሰስም ፍሬው እስከ ጫፍ የሞላ ይሁን። ስኳሩ ከተቆረጠበት ጊዜ አንሥቶ ወደ ስታርችነት ስለሚለወጥ፣ ሙቀትም ይህን ስለሚያፋጥነው፣ የገዙትን በዚያው ዕለት ይብሉት፤ ካልሆነም ከነሽፋኑ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡት።

በጾም ወቅት «አትክልት ነው» በሚል ብቻ ማዘዝ

የሐዋርያት ጾም የሚያበቃው በጁላይ 12 ነው፤ ፍልሰታ ደግሞ ከኦገስት 7 ጀምሮ ይጾማል። ሁለቱም በሰመር መካከል ስለሚውሉ ጿሚው ከጓደኞቹ ጋር ውጭ ሲበላ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። የሚኒሶታ መታወቂያ የሆነው የዱር ሩዝ ሾርባ አብዛኛውን ጊዜ በዶሮና በክሬም ይሠራል። ከተጠበሰ ሥጋ ጎን የሚቀርበው ባቄላ የአሳማ ሥጋ ሊኖረው ይችላል፤ የድንች ጥብስም ዶሮ በተጠበሰበት ዘይት ሊዘጋጅ ይችላል። ከላይ ያወደስኩት የፓፓያ ሰላጣ ራሱ የዓሣ መረቅ ይገባበታል፤ የሕሞንግ ቋሊማም የአሳማ ነው። ሐላል ለሚፈልጉ በሴዳር ሪቨርሳይድና በሌክ ስትሪት ያሉ የሶማሌ ምግብ ቤቶች ጥሩ አማራጭ ናቸው። አስተናጋጁን «ጾም ነኝ» ማለት አይበቃም፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል እያሉ አንድ በአንድ መጥራት ነው የሚያዋጣው።

ሥጋን በተመለከተ መቸኮል

ጁሲ ሉሲ የሚባለው ውስጡ ቺዝ የተሞላ በርገር የዚህ ከተማ ልጅ ነው፤ ማትስ ባርና ፋይቭ ኤይት ክለብ፣ ሁለቱም በሴዳር ጎዳና ላይ ያሉ፣ መጀመሪያ የሠራነው እኛ ነን ይላሉ። ቺዙ በተፈጨው ሥጋ ውስጥ ተዘግቶ ስለሚቀልጥ ወዲያው የገመጠው ሰው አፉን ይቃጠላል። ሲቀርብልዎ ጥቂት ደቂቃ ይታገሡ።

ከዚህ የከፋው ግን ከሱፐርማርኬት ተፈጭቶ የታሸገ ሥጋን ለክትፎ መጠቀም ነው። በብልቱ ላይ ያለው ጀርም የሚቀመጠው በአብዛኛው ከላይ ነው፤ ሲፈጭ ግን ከውስጡ ጋር ይደባለቃል። ስለዚህ የተፈጨ የበሬ ሥጋ ውስጡ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ዶሮም 74 እስኪደርስ ድረስ መብሰል አለበት።

ለሐይቅ ዳር የማይሆን ምግብ መያዝ

በሌክ ሃሪየት ዳርቻ ወይም በሚኒሃሃ ፏፏቴ ሣር ላይ መመገብን የሚያህል ነገር የለም። ሆኖም ሥጋና እንቁላል ያለበት ምግብ ያለ በረዶ ከሁለት ሰዓት በላይ፣ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈም ከአንድ ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። ቀዝቅዞ የሚበላ ምግብ እኛ ዘንድ ሞልቷል። አዝፋ ከሰናፍጩና ከሎሚው ጋር አድሮ ሲበላ ይበልጥ ይጣፍጣል። የቲማቲም ፍትፍት ለመሥራት ከገበያ የመጣውን ቲማቲም፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሎሚና ዘይት በአንድ ዕቃ፣ እንጀራውን በሌላ ይዘው ይሂዱና እዚያው ይፈትፍቱት፤ ቤት ተፈትፍቶ ከተወሰደ እንጀራው ይልማል።

ሂሳቡን ሳያነቡ መክፈል

በሚኒሶታ ያልተዘጋጀ የምግብ ሸቀጥ የሽያጭ ግብር የለበትም፤ የምግብ ቤት ምግብ ግን የክልሉ 6.875 በመቶና የከተማው ጭማሪ ይታከልበታል። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ግዴታ የሆኑ ክፍያዎች በተገለጸው ዋጋ ውስጥ እንዲካተቱ ሕግ ያዛል፤ ያም ሆኖ ብዛት ላላቸው ተመጋቢዎች ቲፕ አስቀድሞ ተጽፎ ሊመጣ ስለሚችል ሁለት ጊዜ እንዳይከፍሉ ይመልከቱ። በዚህ ክልል አሠሪው ቲፑን ከዝቅተኛው ደመወዝ ላይ ማቀናነስ አይፈቀድለትም። ቢሆንም ጥሩ ያስተናገደዎትን ሰው ከ15 እስከ 20 በመቶ መስጠት የተለመደ ነው፤ ተገቢም ነው።

በሰመሩ መጨረሻ የሚመጣውን አለማወቅ

የምግብ መሸጫ የሞላበት የክልሉ ዓመታዊ ትርኢት፣ የሚኒሶታ ስቴት ፌር፣ ለ12 ቀናት ቆይቶ በሌበር ዴይ ያበቃል። እያንዳንዱ ሰው የየራሱን ከገዛ በሁለተኛው ምግብ ሁሉም ይጠግባል፤ ለአራት ሰው አንድ አንድ እየገዙ መካፈል ነው ደንቡ።

በዚያው ሰሞን፣ ከኦገስት መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር፣ ከአገሩ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆኑት የኦጂብዌ ሰዎች በታንኳ ሆነው የዱር ሩዙን ከሐይቅ ላይ በዘንግ እያራገፉ ይሰበስባሉ። በ1977 የክልሉ ይፋዊ እህል የተባለው ይህ ነው። በመደብሮች የሚበዛው ግን እንደ ሩዝ በማሳ የለማው ጥቁርና አንጸባራቂው ዓይነት ስለሆነ፣ ጥቅሉ ላይ «ፓዲ» የሚል ቃል መኖሩን ያንብቡ። የሐይቁ ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ነው፣ ዋጋው ይወደዳል፣ ጣዕሙም ዋጋውን ይመጥናል። የማሳው 45 ደቂቃና ከዚያም በላይ ሲፈልግ የሐይቁ ብዙውን ጊዜ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይበስላል፤ ፍሬው መከፈት እንደጀመረ ያውጡትና የተረፈውን ውኃ ያጥልሉት።