እድራችሁ ለኤርፖርቱ ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት

ሰፈራችን ከጎተራ ብዙም አይርቅም። ቡና ላይ ወሬ ይዘን አውሮፕላን ካለፈ ሁላችንም ዝም እንላለን። ድምፁ ሲርቅ ወሬው ካቆመበት ይቀጥላል። እኔ የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። ከዚያ በፊት 27 ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። ሰሞኑን ሌሎች እድሮች «ከቦሌ ኤርፖርት ጋር አብረን መሥራት እንፈልጋለን፤ ከየት እንጀምር?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ የማውቀውን ልጻፍ።

መጀመሪያ ጥያቄያችሁን አንድ አድርጉት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጽፈን ነበር። ለአረጋውያን ዘይትና ዱቄት፣ ለወጣቶች ሥራ፣ ለእድሩ ድንኳን፣ ለትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር፣ ለቦዩ መክደኛ፣ ሁሉንም በአንድ ገጽ። መልስ የሚባል ነገር አልመጣም። እንዲህ ያለ ደብዳቤ መዝገብ ቤት ሲደርስ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። አምስት ጉዳይ የያዘ ወረቀት አምስት ክፍል ይዞራል፤ ሁሉም «የኔ አይደለም» ይላል። መጨረሻ ላይ ፋይል ውስጥ ይተኛል። አንድ ደብዳቤ፣ አንድ ጉዳይ።

ቀጥሎ ለማን እንደምትጽፉ ለዩ። ቦሌ ኤርፖርትን የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ግሩፕ ነው። ድሮ ኤርፖርቶች ድርጅት የሚባለው ለብቻው ነበር፤ አሁን ተዋህዷል። የሕንፃ ከፍታና የበረራ ደኅንነት ነገር ደግሞ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ጉዳይ ነው። ከአጥር ውጭ ያለው ቦይ፣ መንገድና ቆሻሻ የክፍለ ከተማችሁ ነው። ለአንዱ የሚጻፈውን ለሌላው ከጻፋችሁ ወር ይባክናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ሰው ጎረቤቱ ቤት ሲሄድ የሆነ ነገር ይዞ ይሄዳል። «እኛ ድሆች ለኤርፖርት ምን እንሰጣለን?» የሚል አይጠፋም። ኤርፖርቱ በገንዘብ የማይገዛው፣ እኛ ግን በእጃችን ያለ ነገር አለ። እሱም የሰፈራችን ንጽሕና ነው።

ምክንያቱ ቆሻሻ የሚስበው ወፍ ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሳ አውሮፕላን ሞተሮቹ ውስጥ እርግቦች ገብተው ወደቀ። ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ቦሌ ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያለው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ የሚሰጠው ኃይል ይቀንሳል፤ አውሮፕላኑ ለመነሳት ረጅም መንደርደር አለበት። በዚያች ሰዓት አሞራ ማለት ትልቅ አደጋ ነው። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መመሪያ ቆሻሻ መጣያ ከኤርፖርት በ13 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ባይኖር ይመክራል። ከቦሌ 13 ኪሎ ሜትር ብትለኩ መስቀል አደባባይ፣ ፒያሳ፣ መርካቶ ሁሉም ውስጥ ናቸው። መሀል ከተማው በሙሉ የኤርፖርቱ ጎረቤት ነው ማለት ነው።

እኛ የጀመርነው ከሥጋ ቤቱ ነው። ቅዳሜ ማታ አጥንቱና ትርፍራፊው በጆንያ ታስሮ በር ላይ ይቀመጣል። ሌሊት ውሻ ይቀደዋል። እሁድ ጠዋት ቆርቆሮው ላይ ጭልፊት ተደርድሮ ይጠብቃል። አንድ ቀን ጓሮ የቆመች ሕፃን እጅ ላይ የነበረውን ዳቦ መንትፎ ሲሄድ አይቻለሁ፤ ጣቷ ተጭሮ ደምቷል። የሥጋ ቤቱን ባለቤት ሄጄ «ጋሼ፣ ይሄን አጥንት አንድ ነገር እናድርገው» አልኳቸው። «እትዬ፣ እኔ አስሬ ነው የማወጣው፤ የሚበትነው ውሻው ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ክዳን ያለው በርሜል ከእድሩ ገዛን፤ ክዳኑ ላይ ድንጋይ ይጫናል። ቆሻሻ የሚያነሱትን የማኅበር ልጆች ለምነን ከሰኞ ወደ እሁድ ማለዳ አዞርናቸው።

በዓል ይከብዳል። የቆዳ ዋጋ ከወደቀ ወዲህ ገዢ ጠፍቶ በፋሲካ ማግስት ቆዳው መንገድ ላይ ይጣላል። ለዚህ ከበዓሉ ሳምንት በፊት እየዞራችሁ ንገሩ፤ ቆዳውና ሆድ ዕቃው የሚጠራቀምበትን አንድ ቦታ ለዩ፤ መኪና የሚመጣበትን ሰዓት ከወረዳው ጋር ጨርሱ። በዓሉ ከገባ በኋላ የሚሰማ ሰው የለም።

ይሄን ሁሉ በደብተር ጻፉ። እኔ በየእሁዱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ጣሪያ ላይ ያለውን ወፍ እቆጥራለሁ። ከበርሜሉ በፊት 23 ቆጥሬ ነበር፤ ባለፈው እሁድ 6። ደብዳቤው ላይ አባሪ ሆኖ የሚሄደው ይህ ገጽ ነው። አንባቢው «እነዚህ ሰዎች ሠርተው ነው የመጡት» ብሎ ያስባል።

ስለ ድምፅ ቅሬታ የምትጽፉ ከሆነ ሰዓቱን ተጠንቀቁ። «ከሌሊቱ 8፡10» ብላችሁ ብቻ ከጻፋችሁ ሊምታታ ይችላል። በሃያ አራት ሰዓት አቆጣጠር 02፡10 ነው። የበረራ ሰዎች ደግሞ በሚጠቀሙበት ዓለም አቀፍ ሰዓት 23፡10 ይሆናል፤ ቀኑም የትናንቱ ነው። የአገር ውስጥ ሰዓት መሆኑን ግለጹ፤ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፉ። በጥቅሉ «በጣም ይረብሸናል» ከማለት የአሥር ቀን መዝገብ ይሻላል።

ልጆቻችሁንም ስለ ሌዘር መብራት ምከሩ። ወደ አውሮፕላን ማብራት አብራሪውን ሊያሳውር ይችላል።

ታዲያ ምን እንጠይቅ? ገንዘብ አትጠይቁ ባይ ነኝ። ገንዘብ አንዴ ተሰጥቶ ያልቃል። ኤርፖርቱ ያለውን እውቀት ጠይቁ። እኛ የመረጥነው እሳት ነው። የኤርፖርት እሳት አደጋ ሠራተኞች በዓለም አቀፉ ደረጃ በ3 ደቂቃ ውስጥ ማኮብኮቢያው ላይ የትም መድረስ ይጠበቅባቸዋል፤ ሁሌም ልምምድ ላይ ናቸው። የኛ ሰፈር ቤቶች ተጠጋግተዋል፤ በመተላለፊያው የእሳት አደጋ መኪና ቀርቶ ባጃጅ አይገባም። ከሰልና ሲሊንደር አንድ ክፍል ውስጥ ነው ያለው። ግማሽ ቀን መጥተው እናቶችን ቢያስተምሩልን ሕይወት ያድናል። የናንተ ሰፈር ሌላ ነገር ሊያስፈልገው ይችላል፤ የተማሪዎች ጉብኝት፣ ወይም የሥራ ማስታወቂያ እድሩ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ።

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። «ጉዳዩ፦ የእሳት አደጋ መከላከል ትምህርት ስለመጠየቅ» ብላችሁ ጀምሩ። እነማን እንደሆናችሁ በሁለት መስመር፣ የሠራችሁትን በአራት መስመር፣ የምትፈልጉትን ቀንና ቦታ፣ የሚመጣውን ሰው ብዛት። ሁለት አማራጭ ቀን ስጡ። ማኅተም፣ ፊርማ፣ የሚነሳ ስልክ። ግልባጭ ለወረዳው።

በሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱን መዝገብ ቤት ስጡ፤ ሁለተኛው ላይ ገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፋችሁ ማኅተም አስመቱ። ይሄን ሳትይዙ ከበሩ አትውጡ። በአሥረኛው የሥራ ቀን ቁጥሩን ይዛችሁ ተመለሱና «ለማን ተመራ?» በሉ። «ደብዳቤያችን ምን ደረሰ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ያ ጥያቄ «እየታየ ነው» የሚል መልስ ብቻ ነው የሚያመጣው። የተመራለትን ክፍል ካወቃችሁ በቀጥታ ወደዚያ ትሄዳላችሁ።

የኛ ደብዳቤ ገብቷል። ቁጥሩ ወፍ የምቆጥርበት ደብተር ሽፋን ላይ ተጽፏል። አሥረኛው ቀን ማክሰኞ ላይ ይውላል፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እዚያ ነኝ።