ሐረር ቁጭ ብሎ ድሬዳዋ ያለ ኮምፒውተር ላይ መሥራትና ፋይል መላላክ

ዋና ቢሮው ድሬዳዋ ከዚራ፣ ቅርንጫፉ ሐረር የሆነ ንግድ ቤት የቀኑን ሂሳብ በፍላሽ ገልብጦ ለሚኒባስ ሹፌር ቢሰጥ የሚገርመው የለም። ፍላሹ አብዛኛውን ጊዜ ይደርሳል። አንዳንዴ ግን ቫይረስ ይዞ ይደርሳል፤ መንገድ ላይ ከጠፋ ደግሞ የጠፋው የደንበኞች መረጃ ነው። ይህንኑ ሥራ በኔትወርክ መሥራት ይቻላል። የሚያስቸግረን ከፍጥነቱ ይልቅ መቆራረጡ ስለሆነ፣ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የተዘጋጀው መስመሩ መሃል ላይ ይቆረጣል ተብሎ ነው።

ትእዛዞቹ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚተየብበት መስኮት) ላይ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው፤ እዚህ በአነባበባቸው አስቀምጠናቸዋል። ትልቅ ፊደል ካላልን በስተቀር ሁሉም በትንሹ ነው።

ቴልኔትንና ኤፍቲፒን ተዉ

ቴልኔት ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከሩቅ መግቢያ፣ ኤፍቲፒ ፋይል ማስተላለፊያ የሆኑ አሮጌ መንገዶች ናቸው፤ ቴልኔት በፖርት (የኮምፒውተሩ የአገልግሎት በር ቁጥር) 23፣ ኤፍቲፒ በፖርት 21 ይሠራሉ። ሁለቱም የይለፍ ቃላችሁን ሳይመሰጥሩ ነው የሚልኩት፤ በዚያው ዋይፋይ ላይ ትራፊክ የሚያዳምጥ ሰው እንደ ግልጽ ደብዳቤ ያነበዋል። በቴልኔት ፈንታ እየመሰጠረ ከሩቅ የሚያስገባው ኤስኤስኤች የተወለደውም ከዚሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ፊንላንድ ውስጥ በዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ ፓስወርዶች ሲሰረቁ ታቱ ዩሎነን ሠራው። ፖርቱ 22 ነው። ፋይል ማስተላለፊያው ኤስኤፍቲፒ ስሙ ኤፍቲፒን ይምሰል እንጂ የሚሄደው በዚሁ በኤስኤስኤች ውስጥ ስለሆነ ሌላ ፖርት መክፈት አያስፈልግም።

አሮጌ ሰርቨር ይዛችሁ ኤፍቲፒ ግድ ከሆነባችሁ ሁለት ነገር እወቁ። ገብታችሁ የፋይሉ ዝርዝር አልመጣ ካለ ፓሲቭ ሞድን አብሩ፤ ኤፍቲፒ ለዳታው ሌላ መስመር ስለሚከፍት ራውተሩ ያግደዋል። ፎቶ ወይም ዚፕ ተበላሽቶ ከደረሰ ደግሞ የተላከው በጽሑፍ ሞድ ነው፤ ወደ ባይነሪ ቀይሩና እንደገና ላኩ።

ድሬ ያለው ኮምፒውተር ከውጭ ይገኛል ወይ?

ብዙ ሰው እዚህ ላይ አንድ ቀን ሙሉ ያባክናል፣ ስለዚህ ሌላ ነገር ሳትነኩ ይህን አጣሩ። የራውተራችሁን ገጽ ክፈቱና የውጭ መስመሩን አድራሻ ተመልከቱ። አድራሻው በ10 ወይም በ192.168 ከጀመረ፣ ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከወደቀ አድራሻው የእናንተ ብቻ አይደለም፤ ከብዙ ደንበኞች ጋር ትጋሩታላችሁ። በሞባይል ዳታ የሚሠራ ራውተር ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው። ከውጭ በቀጥታ ማንም አይደርስባችሁም፤ ራውተሩ ላይ ፖርት ብትከፍቱም ለውጥ የለውም።

መፍትሔው ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው ከአገልግሎት ሰጪው ቋሚ የሕዝብ አይፒ (ከውጭ የሚታይ፣ የማይቀየር አድራሻ) ጠይቆ ራውተሩ ላይ ፖርት 22ን ወደ ኮምፒውተሩ መምራት ነው። ሁለተኛው የተከራየ ሰርቨር እንደ ድልድይ መጠቀም ነው። ድሬ ካለው ኮምፒውተር ላይ «ኤስኤስኤች -ኤን -አር 2222:ሎካልሆስት:22» ብላችሁ የኪራዩን ሰርቨር ተጠቃሚ ስምና አድራሻ ታስከትላላችሁ፤ ኤንና አር በትልቁ ይጻፋሉ። ከዚያ በኋላ የኪራዩ ሰርቨር 2222ን የሚነካ ሁሉ ድሬ ያለው ኮምፒውተር ጋ ይደርሳል። ፖርቱ በነባሪው ለኪራዩ ሰርቨር ለራሱ ብቻ ክፍት ነው፤ እንደዚያው ተዉት። መብራት ሄዶ ሲመለስ ድልድዩ በራሱ እንዲነሳ አውቶኤስኤስኤች የሚባለውን ፕሮግራም ጫኑና ኮምፒውተሩ ሲበራ አብሮ እንዲጀምር አድርጉት።

ድሬ ያለው ማሽን ኡቡንቱ ከሆነ «ኦፕንኤስኤስኤች-ሰርቨር» የሚለውን ጥቅል ጫኑበት። ሐረር በኩል ሊኑክስ ያለው ኮምፒውተር የኤስኤስኤች መጠየቂያው (ለመግባት የሚጠራው ፕሮግራም) አብዛኛውን ጊዜ አብሮት ይመጣል፤ ዊንዶውስ 10ም ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ማሻሻያ ወዲህ አብሮት አለው፤ ፓወርሼል ከፍቶ መጻፍ ብቻ ነው።

በፓስወርድ ፈንታ ቁልፍ

ሐረር ባለው ኮምፒውተር ላይ «ኤስኤስኤች-ኪጄን -ቲ ኢዲ25519» ብላችሁ ጻፉ። ሁለት ፋይል ይወጣል። መጨረሻው «ፐብ» የሚለው ወደ ሰርቨሩ፣ ማለትም ድሬ ወዳለው ማሽን የሚሄደው ነው፤ ሌላው ከኮምፒውተራችሁ አይወጣም፤ በቴሌግራምም፣ በኢሜይልም፣ በፍላሽም አይላክም። ቁልፉን የሚከፍት የይለፍ ሐረግ ሲጠይቃችሁ ባዶ አትለፉት፤ ላፕቶፑ ቢሰረቅ ሌባው ቀጥታ ሰርቨሩ ላይ እንዳይገባ የሚከለክለው እሱ ነው።

የፐብ ፋይሉን አንድ መስመር ጽሑፍ ድሬ ባለው ማሽን፣ በተጠቃሚው ቤት (የግል ፎልደር) ባለው የነጥብ ኤስኤስኤች ፎልደር (ስሙ በነጥብ የሚጀምር) ውስጥ «ኦተራይዝድ ኪይስ» በሚለው ፋይል ላይ ለጥፉ። መስመሩ ሲገለበጥ ለሁለት ከተሰበረ አይሠራም። የፎልደሩ ፈቃድ 700፣ የፋይሉ 600 ይሁን፤ ከባለቤቱ በቀር ማንም አይነካውም ማለት ነው። ቁልፉ ትክክል ሆኖ ሳለ ሰርቨሩ አላስገባም ካለ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ይህ ነው፦ ፎልደሩ ለሌላ ተጠቃሚ መጻፊያ ክፍት ከሆነ ሰርቨሩ ቁልፉን እንዳላየ ያልፈዋል፣ ምክንያቱንም አይነግራችሁም።

በቁልፍ መግባታችሁን ካረጋገጣችሁ በኋላ በኤስኤስኤችዲ ኮንፊግ ፋይል (ድሬ ያለው ማሽን የኤስኤስኤች አገልግሎት ማስተካከያ) ላይ የፓስወርድ መግቢያውን «ኖ» አድርጉት። በዚሁ ስም መጨረሻው «ነጥብ ዲ» የሚል ፎልደርም አለ፤ ውስጡን እዩ። ኡቡንቱ ላይ እዚያ ያለ ትንሽ ፋይል «የስ» ካለ እሱ ቀድሞ ስለሚነበብ የእናንተ ለውጥ ከንቱ ይሆናል። አገልግሎቱን ከማስነሳታችሁ በፊት በአስተዳዳሪ መብት «ኤስኤስኤችዲ -ቲ» በሉ፤ ስህተት ካለ የመስመሩን ቁጥር ይነግራችኋል።

አሁን ደግሞ በጣም የምንለምናችሁ፦ የገባችሁበትን መስኮት አትዝጉት። ሁለተኛ መስኮት ክፈቱና ከዚያ በአዲስ ግቡ። ከገባችሁ በኋላ የመጀመሪያውን ዝጉ። ይህን የዘለለ ሰው ሰርቨሩን ከራሱ ላይ ይዘጋና ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ ደንገጎን ወርዶ፣ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ሊያስተካክል ይገደዳል።

አጭር ስም ስጡት

ሐረር ባለው ኮምፒውተር የነጥብ ኤስኤስኤች ፎልደር ውስጥ «ኮንፊግ» የሚባል ፋይል ፍጠሩ። ሆስት ብላችሁ «ድሬ» የሚለውን በላቲን ጻፉ፤ ከሥሩ ሆስትኔም ሎካልሆስት፣ ፖርት 2222፣ ዩዘር የድሬው ተጠቃሚ ስም፣ ፕሮክሲጃምፕ (መሸጋገሪያው) የኪራዩ ሰርቨር። ቋሚ አይፒ ካላችሁ ፕሮክሲጃምፕን ተዉትና ሆስትኔም ላይ አይፒውን፣ ፖርት ላይ 22 አስቀምጡ። ሰርቨርአላይቭኢንተርቫል 30 የሚል መስመርም ጨምሩ፤ ዝም ብላችሁ ስትቀመጡ ራውተሩ መስመሩን እንዳይጥለው በየ30 ሴኮንዱ ይነካካዋል። ከዚህ በኋላ «ኤስኤስኤች ድሬ» ማለት ይበቃል፤ ኤስኤፍቲፒም፣ ከታች የምናየው ፎልደር ላኪው አርሲንክም ይህንኑ ስም ያውቁታል።

መጀመሪያ ስትገቡ የሰርቨሩን አሻራ (መለያ የሆነ የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት) አሳይቶ «የስ» እንድትሉ ይጠይቃል። ድሬ ያለው ባልደረባ ከማሽኑ ላይ አንብቦ በስልክ ያመሳክርላችሁ። ወራት ቆይቶ አሻራው ተቀይሯል የሚል ትልቅ ማስጠንቀቂያ ከመጣ ሰርቨሩ እንደ አዲስ ተጭኖ ይሆናል፣ ወይም መሃል የገባ ሰው አለ። ሳትደውሉና ሳታጣሩ አትለፉት፤ በተለይ ካፌ ወይም ሆቴል ዋይፋይ ላይ ከሆናችሁ።

ፋይሉን መላክ

መጀመሪያ ሂሳቡን አስሉ። መስመራችሁ የሚሸጥላችሁ በሜጋቢት ነው፤ ፋይሉ የሚለካው በሜጋባይት ነው፣ አንዱ ባይት 8 ቢት ነው። 700 ሜጋባይት በ2 ሜጋቢት የመጫኛ ፍጥነት መስመሩ ባይቆረጥ እንኳ 47 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። የመጫኛውን ፍጥነት ለብቻው ለኩት፤ ከማውረጃው ብዙ ጊዜ ያነሰ ነው።

ለአንድ ሁለት ፋይል ኤስኤፍቲፒ ይበቃል። «ኤስኤፍቲፒ ድሬ» ብላችሁ ትገባላችሁ፤ «ፑት» ይልካል፣ «ጌት» ያመጣል። መሃል ላይ ከተቆረጠ እንደገና ገብታችሁ «ሪፑት» ወይም «ሪጌት» በሉ፣ ካቆመበት ይቀጥላል። በመዳፊት መሥራት ለሚፈልግ ዊንኤስሲፒ ጥሩ ነው፤ ትልልቅ ፋይል ሲልክ መጨረሻው «ፋይልፓርት» በሚል ጊዜያዊ ስም ያስቀምጠዋል፣ ሲያልቅ ትክክለኛ ስሙን ይሰጠዋል። ያን ስም ካያችሁ ፋይሉ አላለቀም ማለት ነው፤ አትክፈቱት፣ አትሰርዙትም።

ሙሉ ፎልደር በየቀኑ ለመላክ ግን አርሲንክን የሚያህል የለም። የተለወጠውን ብቻ ነው የሚልከው። ዊንዶውስ ላይ በደብሊውኤስኤል (ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስን የሚያሠራው) ውስጥ ይሠራል። «አርሲንክ -ኤ -ትልቁ ፒ» ብላችሁ የሐረሩን ፎልደርና «ድሬ:» ብላችሁ የሚያርፍበትን ቦታ ትጽፋላችሁ፤ ትልቁ ፒ የተጀመረውን ግማሽ ፋይል ያስቀራል፣ ስንት በመቶ እንደደረሰም ያሳያል። የሚያሳስተው ዘንባላው መስመር ነው፦ ከሐረሩ ፎልደር ስም ኋላ ካደረጋችሁት የሚሄደው የውስጡ ፋይል ነው፣ ካላደረጋችሁ ፎልደሩ ራሱ ይሄዳል፤ ዛሬ አድርጋችሁ ነገ ከተዋችሁት ሁለት ቅጂ ይፈጠራል። «-ዜድ» መጭመቂያው ለጽሑፍና ለሂሳብ ፋይል ይጠቅማል፣ ለፎቶና ለቪዲዮ ግን ፕሮሰሰሩን ከማሞቅ በቀር አይረባም። የቢሮውን ኢንተርኔት ሁሉ እንዳይበላው «--ቢደብሊውሊሚት=100» ጨምሩ፤ በሴኮንድ 100 ኪሎባይት ላይ ያቆመዋል። «--ዲሊት»ን መጀመሪያ ምንም ሳይነካ የሚሆነውን ብቻ ከሚያሳየው ከ«-ኤን» ጋር ካልሞከራችሁ አትንኩት፤ ሐረር የጠፋውን ድሬም ያጠፋዋል።

ሰርቨሩ ላይ ረጅም ሥራ ስትጀምሩ መጀመሪያ «ቲመክስ ኒው -ኤስ ሂሳብ» በሉ፤ «ሂሳብ» የምትመርጡት ስም ነው፣ በላቲን ጻፉት። ኔትወርክ ቢቋረጥ፣ ላፕቶፑ ባትሪ ቢጨርስ ሥራው ድሬ ላይ ይቀጥላል፤ ስትመለሱ «ቲመክስ አታች -ቲ ሂሳብ» ትሉና ያለበትን ታያላችሁ። ሆን ብላችሁ ለመውጣት ኮንትሮልና ቢ፣ ለቅቃችሁ ዲ።

አልገባም ሲል

«ሪፊውዝድ» ካለ ማሽኑ ተገኝቷል፣ አገልግሎቱ ግን አልተነሳም ወይም ፖርቱ ስህተት ነው። «ታይምድ አውት» ካለ መልስ የሚሰጥ የለም፦ መብራት ጠፍቷል፣ አይፒው ተቀይሯል ወይም ፋየርዎል ዘግቷል። «ፐርሚሽን ዲናይድ» ካለ መስመሩ ደህና ነው፤ ተጠቃሚ ስሙን፣ ቁልፉንና እነዚያን 700 እና 600 ፈትሹ። «ኤስኤስኤች -ቪ ድሬ» የትኛው ደረጃ ላይ እንደቆመ በዝርዝር ያሳያችኋል።

የሰርቨሩን መዝገብ ስታነቡ ሰዓቱን ልብ በሉ። የኪራይ ሰርቨር ብዙውን ጊዜ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ነው የሚሠራው፤ ከእኛ 3 ሰዓት ወደኋላ ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ደግሞ ሌላ 6 ሰዓት ይለያል። መዝገቡ ላይ 05:00 የሚለው ለእናንተ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። መስመሩ ነፃ በሚሆንበት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ራሱ እንዲላክ በዩቲሲ ላይ ባለ ማሽን ከቀጠራችሁት የምትጽፉት 23:00 ነው፤ ቀኑም የዋዜማው ቀን ነው።