የፕላናር ሄድፎንን ድምፅ በገዛ እጅ ማሻሻል፦ ፎስቴክስ ቲ50አርፒን ከፍቶ እስከ መግጠም

ፕላናር፣ ማለትም ድምፅ የሚያወጣው ሽፋኑ ጠፍጣፋ የሆነ ሄድፎን፣ የገዛ ሰው ትንሽ ሲቆይ ጥያቄ ይመጣበታል። ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) ለምን ሳሳ? ትሬብሉ (ቀጭኑ ድምፅ) ለምን ጆሮ ይወጋል? መፍትሔ ፍለጋ ሲወጣ መጀመሪያ የሚቀርብለት ውድ ኬብል ነው። ገንዘባችሁን ያዙ። የፕላናር ሄድፎን የኤሌክትሪክ ሬዚስታንስ ከዝቅተኛው ድምፅ እስከ ከፍተኛው ብዙም ስለማይቀያየር ደህና ኬብል በሌላ ደህና ኬብል ቢተካ የድምፁ ሚዛን አይለወጥም። ድምፁን የሚወስኑት ፓዱ (ጆሮ ላይ የሚያርፈው ትራስ)፣ ከጆሮ እስከ ድራይቨሩ (ድምፅ አውጪው ክፍል) ያለው ክፍተትና ከድራይቨሩ ጀርባ የታሰረው አየር ናቸው። እነዚህን ደግሞ በጥጥ፣ በፕላስተርና በትዕግሥት መለወጥ ይቻላል።

በተለመደው ሄድፎን ውስጥ ሾጣጣ ሽፋንን የሚገፋው መሀሉ ላይ የተጣበቀ የሽቦ ጥቅል ነው። በፕላናር ግን ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው መስመር ከፀጉር በቀጠነ ፕላስቲክ ላይ ተዘርግቶ ተለጥፏል፤ ግራና ቀኙን ማግኔቶች ይሰለፋሉ፤ ሽፋኑም በሙሉ ስፋቱ አንድ ላይ ይንቀሳቀሳል። ድምፁ ንጹሕ፣ ቤዙም እስከ ታች የሚወርድ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሽፋኑ ግን ወደ ፊት የሚልከውን ያህል ወደ ኋላም ይልካል። ያ የኋላ ድምፅ ከፕላስቲኩ ግድግዳ ጋር ተላትሞ ሲመለስ በስሱ ሽፋን ውስጥ አልፎ ጆሯችን ይደርሳል። የእኛ ሥራ በአብዛኛው ይህን ተመላሽ ድምፅ መግራት ነው።

ለማሳያ የመረጥኩት የጃፓኑን ፎስቴክስ ቲ50አርፒ ማርክ 3 ነው። ዋጋው ከውዶቹ ፕላናሮች ጋር አይወዳደርም፤ ድራይቨሩ ግን ውድ ሄድፎን የሚወጣው ነው። ዛሬ ዳን ክላርክ ኦዲዮ የሚባለው፣ ቀድሞ ሚስተር ስፒከርስ ይባል የነበረው የአሜሪካ ኩባንያ ሥራውን የጀመረው ይህንኑ ቲ50አርፒ እያሻሻለ በመሸጥ ነው። ዜድኤምኤፍ የተባለው ሌላው የአሜሪካ ሄድፎን ሠሪም እንዲሁ። ብዙ ሺህ ብር የሚያወጣ ሄድፎን ያላችሁ እጃችሁን መጀመሪያ በዚህ ብታፍታቱ ይሻላል፤ መርሁ አንድ ነው፣ ስሕተቱ ግን ርካሽ ነው። ዋስትናው ያላለቀ ሄድፎን መክፈት ዋስትናውን ሊያሳጣ እንደሚችልም አስቡበት።

ከመክፈታችሁ በፊት

በመጀመሪያ ኃይሉን አረጋግጡ። የቲ50አርፒ ሬዚስታንስ 50 ኦም ነው፤ በ1 ሚሊዋት 92 ዴሲቤል ይሰጣል። 1 ቮልት የሚያወጣ የስልክ ማገናኛ 20 ሚሊዋት ብቻ ስለሚያደርስለት ጣሪያው 105 ዴሲቤል አካባቢ ነው። ይህ ለተራ ማዳመጥ ይበቃ ይሆናል፤ በኢኳላይዘር ቤዙን 6 ዴሲቤል ልጨምር ስትሉ ግን በዚያ ክልል አራት እጥፍ ኃይል ይፈለጋል፣ ስልኩም አይችልም። ደረቅና ሕይወት የሌለው የመሰላችሁ ድምፅ ምንጩ የአምፕሊፋየር እጥረት ሊሆን ይችላል። ይህን ሳታጣሩ ካቻቢቴ አታንሡ።

ቀጥሎ ኢኳላይዘር፣ ማለትም የየድምፅ ክልሉን መጠን በሶፍትዌር ከፍና ዝቅ የሚያደርገው። ነፃ ነው፣ ይመለሳል፣ የምትወዱትንም ያስተምራችኋል። ከ100 ኸርዝ በታች ትንሽ ጨምሩ፤ ከዚያ ከ2000 እስከ 9000 ኸርዝ ባለው ክልል ጠባብ ቅነሳ ይዛችሁ ወዲህና ወዲያ እያንቀሳቀሳችሁ የሚወጋችሁ የት እንደሆነ ፈልጉ። የጨመራችሁትን ያህል አጠቃላይ ድምፁን ቀንሱ፤ አለበለዚያ ይቆራረጣል። ያገኛችሁትን ቁጥር ጻፉት። በእጅ የምትሠሩት ሥራ ዒላማው እሱ ነው።

መለኪያ ካላችሁ አሁኑኑ ለኩ። ሩም ኢኪው ዊዛርድ የተባለው ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል፤ በጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ በተበሳ ቀዳዳ ትንሽ ማይክ ገጥማችሁ ሄድፎኑን ማስቀመጥ ነው። እንዲህ ያለ መለኪያ ሄድፎኑን ከሌላ ሰው ውጤት ጋር ለማነጻጸር አይሆንም፤ በፊትና በኋላ ያለውን ልዩነት ለማየት ግን ይበቃል። ሄድፎኑን እያነሣችሁ መልሳችሁ እያስቀመጣችሁ ደጋግማችሁ ለኩ፤ አቀማመጡ ብቻ መስመሩን ያዛባዋልና።

ፓዱ፦ ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ

40 ኸርዝ የሚያወጣ ድምፅ በዝቅታ ክፈቱና ሁለቱን ጎኖች በመዳፋችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ጆሯችሁ ተጫኑ። ድምፁ ከጎላ አየር እየሾለከ ነው ማለት ነው፤ የጎደላችሁ ቤዝም የወጣው በዚያ በኩል ነው። የመነጽር እጀታ፣ ወፍራም ሹሩባ፣ ያረጀ ፓድ፣ ሁሉም ያሾልካሉ። የቲ50አርፒ የፋብሪካ ፓድ ስስና ጠባብ ስለሆነ ጆሮን ይነካል፣ በደንብም አይገጥምም። ወፈር ያለ፣ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚከብብ፣ ከኋላ ከፍ ከፊት ዝቅ ያለ ፓድ ስትገጥሙለት ቤዙ ይመለሳል፣ ሙዚቃውም ከሰፊ መድረክ የሚመጣ ይመስላል።

ቆዳ መሰሉ አየር ስለሚያፍን ቤዝ ይይዛል፤ ከፋዩ ወይም በቀዳዳ የተሞላው ቆዳ ትንሽ ይለቅቃል፣ ትሬብሉንም ያለሰልሳል። ለዚህ ሄድፎን እኔ የምመርጠው ውጩ ድፍን፣ ወደ ጆሮ የዞረው ውስጡ ግን ቀዳዳ ያለውን ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ፓድ በወፈረ ቁጥር ድራይቨሩ ከጆሮ ይርቃል፤ ያን ጊዜ የሰው ድምፅ ያለበት መሀከለኛው ክልል ወደ ኋላ ሊያፈገፍግ ይችላል። ስለዚህ ፓድ ለውጣችሁ ቢያንስ ሁለት ቀን ስሙ። ብዙ ሰው የሚፈልገውን እዚህ ላይ ያገኛል። ካገኛችሁት አትክፈቱት።

መክፈት

ጠረጴዛውን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። መርፌ፣ ስቴፕል፣ የብረት ብናኝ አንድም እንዳይቀር። የፕላናር ማግኔት ኃይለኛ ነው፤ ካቻቢቴ ከእጅ መንጭቆ ወደ ራሱ ሲስብና ጫፉ ሽፋኑን ሲበሳው ዓይን ለማርገብገብ እንኳ ጊዜ አይሰጥም። የተበሳ ሽፋን ደግሞ አይጠገንም። ስለዚህ ፓዱን ካወጣችሁ በኋላ ድራይቨሩ የሚታይበትን ቦታ በጠንካራ ካርቶን ሸፍናችሁ ዙሪያውን በስኮች ያዙት። ፓዱ ከንፈሩ ጎድጎድ ባለ መስመር ውስጥ የገባ ስለሆነ ከአንድ ጥግ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ መሳብ ነው።

ከሥሩ አራት ብሎኖች ይታያሉ። ካቻቢቴውን በአንድ እጅ ያዙ፤ የሌላው እጃችሁ ጣቶች ዘንጉን ታች ላይ ይደግፉት። ብሎኖቹ ሲወጡ ድራይቨሩ የተቀመጠበትን ገበታ አንሡ፣ ግን አትሳቡ። ኬብሉ በግራ በኩል ስለሚገባ ወደ ቀኙ የሚሄደው ስስ ሽቦ በራስ ማሰሪያው ውስጥ ያልፋል፤ ከተጎተተ ብየዳው ይላቀቃል። ፎቶ አንሡ። አቧራ ካያችሁ በአፋችሁ እፍ አትበሉ፣ በግፊት አየርም አትንፉ። ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል፣ እሱም ሽፋኑን ሳይነካ።

ግድግዳውን ማክበድ፣ ክፍተቱን መመጠን

ባዶውን ቤት፣ ማለትም ድራይቨሩ የወጣለትን የፕላስቲክ ቅርፊት፣ በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ አንኳኩት። ቀጭን ፕላስቲክ ስለሆነ ያስተጋባል። ዘይትነት ያለውና የማይደርቀውን የልጆች መጫወቻ ሸክላ በስሱ ዳምጣችሁ በቤቱ ውስጠኛ ግድግዳና በገበታው ጀርባ ባሉት ባዶ ቦታዎች ለጥፉ። የሚደርቀውን ዓይነት አትጠቀሙ፤ ተሰነጣጥቆ ፍርፋሪው ድራይቨሩ ውስጥ ይገባል። የግራውንና የቀኙን ክብደት እኩል አድርጉ። ወርቅ ቤቶች የሚጠቀሙበት ዓይነት ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ለዚህ ሥራ ተመራጭ ነው። እንደገና አንኳኩ፤ አሁን ድምፁ አጭርና ደንቆሮ ይሆናል። ሸክላውን አታብዙት፣ አንገታችሁ ይከፍለዋልና።

ቲ50አርፒ ግማሽ ክፍት ነው፤ ቤቱ ላይ አየር የሚወጣባቸው ጠባብ ክፍተቶች አሉ። ከውስጥ በኩል በሐኪም ቤት የወረቀት ፕላስተር ጥቂቱን ብትደፍኑ ቤዙ ቅርጹ ይለወጣል። በአንድ ጊዜ ከሩቡ በላይ አትድፈኑ፤ ገጥማችሁ ስሙና ከዚያ ጨምሩ። ሁሉንም መድፈን ቤዙን ያበጠና የዘገየ ሊያደርገው ይችላል።

ጥጡ

ጣፋጩ ሥራ ይህ ነው። የተባዘተ ጥጥ ውሰዱ፤ ከሐኪም ቤቱ የተጠቀጠቀ ጥጥ ይልቅ ባዘቶ ይሻላል፣ በክሮቹ መካከል አየር አለውና። በአንድ ጎን ከ1 ግራም በታች ጀምሩ። በጣታችሁ አሳስታችሁ እንደ ደመና ከዘረጋችሁት በኋላ በቤቱ ወለል ላይ አስቀምጡት፤ ድራይቨሩን ግን አይንካ። በመሀከሉ አንድ ስስ ፌልት (የተጠቀጠቀ የሱፍ ጨርቅ) ወይም ጥልፍልፍ ጨርቅ ብታደርጉ ክሩ ወደ ማግኔቱ አይሄድም።

የ1000 ኸርዝ የሞገድ ርዝመት 34 ሴንቲሜትር ያህል ነው፣ የ100 ኸርዝ ግን ከ3 ሜትር ይበልጣል። ጥቂት ሴንቲሜትር ጥጥ የመጀመሪያውን ያደክማል፣ ሁለተኛውን ግን ብዙም አይነካውም። የወንድ ድምፅ ከታፈነበት የሚወጣው፣ የማሲንቆው ጭረት የሚጠራው በዚህ ነው። ሲበዛ ግን መሀከለኛው ክልል ይደርቃል፤ ዋሽንት ነፋሹ ትንፋሽ ሲወስድ የሚሰማው ያ ትንሽ ድምፅ ይጠፋል። ያ ሲጠፋ ግማሹን ጥጥ በወረንጦ መልሳችሁ አውጡ። ወረንጦው የፕላስቲክ ይሁን።

አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ገጥማችሁ ለኩ፣ ስሙ፣ ጻፉ። ሦስት ነገር አንድ ላይ የቀየረ ሰው የቱ እንደጠቀመው የቱ እንደጎዳው አያውቅም። ስታወዳድሩም የድምፁን ከፍታ አስተካክሉ፤ ትንሽ የጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። መጨረሻ ላይ ፒንክ ኖይዝ (እንደ ፏፏቴ ያለ ወጥ ሹሹታ) በሞኖ፣ ማለትም በሁለቱም ጎን አንድ ዓይነት አድርጋችሁ፣ ክፈቱ። ድምፁ ከግንባራችሁ መሀል ወደ አንዱ ጎን ከሸሸ የጥጡ መጠን ወይም የፓዱ አገጣጠም እኩል አይደለም።

ትሬብሉ አሁንም ከወጋ

በድራይቨሩ ፊት፣ በመከላከያው ፍርግርግ ላይ፣ አየር የሚያሳልፍ የሐኪም ቤት የወረቀት ፕላስተር አንድ ድርብ ለጥፉ። ትንሽ ክብ ፌልት መሀሉ ላይ ማስቀመጥም ከ5000 ኸርዝ በላይ ያለውን ያለዝባል። ሁለቱም በጣት ጥፍር ይነሣሉ። በፍርግርጉ ላይ እንጂ በሽፋኑ ላይ ምንም አይለጠፍ፤ ሙጫም በምንም ሁኔታ ወደዚያ አይቅረብ።

ጀርባው ክፍት ለሆኑት ውድ ፕላናሮች

እዚህ ጥጥ አያስፈልግም፣ የሚዘጋ ቤት የለምና። በድሮዎቹ ሂፊማን ኤችኢ-500 እና ኤችኢ-6 ላይ የኋላውን ወፍራም ወንፊት አውጥቶ ይበልጥ ክፍት በሆነ መተካት የታወቀ ነው፤ ከወንፊቱ የሚመለሰው ድምፅ ስለሚቀንስ ትሬብሉ ይረጋጋል። ባዶውን ግን አትተዉት። ፀጉርና የብረት ብናኝ በማግኔቱ ተስቦ ከሽፋኑ ጋር መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ስስ ድምፅ አሳላፊ ጨርቅ የግድ ነው።

የኦዴዚ ኤልሲዲ ፓዶች በማጣበቂያ የተያዙ ስለሆኑ ሲነሱ ትዕግሥት ይጠይቃሉ፤ በጠፍጣፋ ፕላስቲክ ከጠርዙ ጀምሮ ጥቂት በጥቂት መላቀቅ ነው። አዲሱን ፓድ ከመለጠፋችሁ በፊት የድሮውን ማጣበቂያ በደረቅ ጣት እያንከባለላችሁ አንሡት። አልኮል ወይም ቤንዚን አታስጠጉ፤ እንፋሎቱ ሽፋኑ ላይ ይደርሳል። ያወጣችሁትን ፓድ፣ ወንፊትና ብሎን በአንድ ከረጢት አድርጋችሁ ስሙን ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ሄድፎኑን ለመሸጥ ስታስቡ ገዢው የሚጠይቃችሁ መጀመሪያ እነሱን ነው።