ወሎ ተቀምጦ የኢኤምዲአር ሰርተፍኬት እንዴት ይገኛል?

ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ ደሴ ውስጥ ደጋግሜ የምሰማው ነገር አለ። «ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ልቤ ቀጥ ይላል።» ጎረቤቱም ዘመዱም «አብሽሪ» ይላል። አብሽሪ ደግ ቃል ነው፤ ግን ለሁሉም አይበቃም። ለእንዲህ ያለው ጉዳት ከተፈተኑት የሥነ ልቦና ሕክምናዎች አንዱ ኢኤምዲአር ነው።

ሕክምናውን በ1987 እ.ኤ.አ. የጀመረችው አሜሪካዊቷ ፍራንሲን ሻፒሮ ናት። ታካሚው ክፉውን ትዝታ እያሰበ፣ ግራ ቀኝ የሚሄድ ጣት በዓይኑ ይከተላል። ወይም እጁ ላይ ተራ በተራ መታ መታ ይደረግለታል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለትራውማ፣ ማለትም ክፉ ገጠመኝ ለሚተወው የአእምሮ ጉዳት፣ እንዲሰጥ መክሯል።

መጀመሪያ የመሠረት ሙያችሁን ጨርሱ። ኢኤምዲአር በሌላ ሙያ ላይ የሚጨመር ነው። በሥነ ልቦና፣ በሥነ አእምሮ ወይም በተመሳሳይ ዘርፍ ተምራችሁ የሥራ ፈቃድ ሊኖራችሁ ይገባል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሁለቱንም ስለሚያስተምር ለዚህ ከአገር መውጣት አያስፈልግም።

ቀጥሎ መሠረታዊ ሥልጠናው ይመጣል። ኢምድሪያ የሚባለው ዓለም አቀፍ የኢኤምዲአር ማኅበር የሚያጸድቀው ሥልጠና 20 ሰዓት ትምህርት፣ 20 ሰዓት ልምምድ እና 10 ሰዓት ኮንሰልቴሽን (ሥራችሁን ልምድ ካለው አማካሪ ጋር የምትመክሩበት) አለው። በኦንላይን የሚሰጡ አሉ። በሁለት ቀን ዎርክሾፕ «ሰርተፍኬት እሰጣችኋለሁ» የሚል ከመጣ ግን ገንዘባችሁን ያዙ። ሳትከፍሉ በፊት ሥልጠናውን ማን እንዳጸደቀው፣ 10ሩ ሰዓት ኮንሰልቴሽን በክፍያው ውስጥ መካተቱንም ጠይቁ።

ሥልጠናውን መጨረስ ብቻውን ሰርተፍኬት አያሰጥም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ለኢምድሪያ ሰርተፍኬት የ2 ዓመት የሥራ ልምድ ያስፈልጋል። ቢያንስ ለ25 ታካሚዎች በድምሩ 50 ጊዜ ሕክምናውን መስጠት አለባችሁ። 20 ሰዓት ተጨማሪ ኮንሰልቴሽን እና 12 ሰዓት ተከታታይ ትምህርትም አለ።

በእኔ እምነት ዋናው ትምህርት ያለው ኮንሰልቴሽኑ ውስጥ ነው። በሕክምናው መሃል «ጭንቀትዎ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው?» ብለን እንጠይቃለን። አንድ ቀን ከገጠር የመጡ እናት ዝም ብለው አዩኝና፣ «ልጄ፣ ቁጥሩን ተይው። እሳቱ ገና አመድ አልለበሰም ብለሽ ጻፊ» አሉኝ። ምን ብዬ እንደምጽፍ ጠፋኝ። ነገሩን ለአማካሪዬ ሳነሳ «ታዲያ በእሳቱ ጠይቂያቸው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ነበልባል ነው፣ ፍም ነው፣ ረመጥ ነው ወይስ አመድ ብዬ እጠይቃለሁ። ቁጥሩን ከዚያ ጋር አስተያየዋለሁ። ይህን የትኛውም ስላይድ ላይ አላገኘሁትም።

ስለዚህ አማካሪ መፈለግ የምትጀምሩት ሥልጠናው ሳያልቅ ይሁን። አጠገባችሁ ከሌለ በቪዲዮ የሚያገኛችሁን ፈልጉ፤ የአፍሪካ የኢኤምዲአር ማኅበርንም ጠይቁ። አማካሪያችሁ አማርኛ የማይችል ከሆነ ታካሚው ያለውን መጀመሪያ በራሱ ቃል ጻፉት፣ ከዚያ ተርጉሙ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ስልካችሁን ቻርጅ አድርጉ፣ ዳታም ግዙ። የታካሚ ስም አታንሱ። ደሴ ሰው የሚተዋወቅበት ከተማ ነው፤ ሰፈሩን ከጠራችሁ ስሙን እንደመናገር ነው። ቪዲዮ መቅረጽ ካስፈለገም አስቀድማችሁ በጽሑፍ አስፈቅዱ።

የመጨረሻው ማመልከቻ ነው። የሥራ ፈቃድ፣ የሥልጠና ማስረጃ፣ የሰዓት መዝገብ እና የድጋፍ ደብዳቤ ተያይዞ ይገባል። ሰርተፍኬቱ በየ2 ዓመቱ ስለሚታደስ ትምህርቱ አይቋረጥም። መዝገቡን ከመጀመሪያው ታካሚ ቀን ጀምሮ ያዙት፤ ቀኑን፣ የታካሚውን ኮድ፣ የስንተኛ ጊዜ ሕክምና እንደሆነ። ዓመት ካለፈ በኋላ በትዝታ መሙላት አይቻልም።